ክርክር፦ ሐረር መኪና ግርግር ላለ ልብስ ሰፊ አፕ ይሠራለት ወይስ ዌብ?

ሁለቱም ደቨሎፐሮች ናቸው፣ አንዱ ድሬዳዋ ከዚራ ሌላው ሐረር ጁገል ሆኖ የሚሠራ፣ ዩኒቨርሲቲ እያሉ አንድ ዶርም የነበሩ። የተነሳው ጥያቄ "እኛ አካባቢ ላለ ትንሽ ነጋዴ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው በትልልቆቹ ኩባንያዎች መደብር በኩል ማውጣት አለበት ወይ" የሚል ነው። የከዚራው አለበት ይላል፣ የጁገሉ የለበትም።

የከዚራው፦

አቦ አለበት። ዘጠኝ ዓመት አንድሮይድ ላይ ሠርቻለሁ፣ ደንበኞቼን አውቃቸዋለሁ፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ነው፣ ሳቢያን ሰፈር መድኃኒት የሚሸጥ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳ ነው። እጃቸው ላይ ያለው ስልክ አንድሮይድ ነው፣ ብዙው ያገለገለ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ። አፕ ሲፈልጉ የሚያውቁት አንድ ቦታ ነው፣ ፕሌይ ስቶር ገብተው ስሙን ጽፈው ያወርዳሉ በቃ። እኔ ስህተት ካገኘሁ ማታ አስተካክዬ እለቀዋለሁ፣ ሰውየው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ስልኩ ራሱ አፕዴት አድርጎ ይጠብቀዋል። ይሄን ለብቻዬ ልገንባው ብል ዕድሜዬን ይጨርሰዋል።

መመዝገቢያው 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ከፍለህ ጨረስክ (አፕል በየዓመቱ 99 ነው የሚለው፣ እሱን አልከራከርለትም)። አዎ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ሲያልፍ ያቺ 25 ከበደች፣ የውጭ ካርድ ያለው ሰው መለመንም አለ። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ደግሞ 12 ሰው ለ14 ቀን ካልሞከረለት አፑ አይወጣም። እኔ 12ቱን ሰው የሰበሰብኩት መጋላ ሻይ ቤት ነው፣ የአንዱን ጂሜይል ፓስወርድ ለማስታወስ ብቻ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለናል። ግን በነዛ 14 ቀናት ሦስት ስህተት አገኙልኝ፣ አንዱ ቀን በሚሞላበት ቦታ ጳጉሜን ሲያስገቡ አፑ ድርግም ብሎ ይዘጋ ነበር። አስራ ሦስተኛውን ወር ረስቼዋለሁ፣ እኔ፣ እዚህ ሀገር ተወልጄ። ደንቡ ባያስገድደኝ በመስከረም ዋዜማ ነበር የምዋረደው።

ደግሞ ስለ ፊደል ላንሳ። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው መጻፊያ ቪዥዋል ግዕዝ ብቻ ያለው ጋ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ታስታውሳለህ፣ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ነው። አባቴ በፍሎፒ ይዞት የሄደው ማመልከቻ እንደዛ ሆኖ ተመልሶ ስክሪብቶ ሲያነሳ አይቻለሁ። ዛሬ "ሸ" ብዬ ስጽፍ የትም ስልክ ላይ "ሸ" ነው። ማን አደረገው? ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት አመጣ፣ ጉግል ኖቶ የሚባሉትን ፎንቶች በነፃ ለቀቀ፣ በፈረንጆቹ 2016 ትርጉሙ ላይ አማርኛን ጨመረ። እኔና አንተ በየቤታችን እየሠራን ብንቀር ኖሮ እስካሁን ፎንት ጫንልኝ እንባባል ነበር።

የጁገሉ፦

የፊደሉን ነገር ማንሳትህ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም የኔ ማስረጃ ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያልተግባቡት ለምንድነው? እያንዳንዱ የራሱን ኮድ ስለሰጠ፣ የራሱን አጥር ስላጠረ ነው። የፈታው ዩኒኮድ ነው፣ ግዕዝን በ3.0 ቅጂው በፈረንጆቹ 1999 አስገባ፣ ሁሉም የሚያነበው የጋራ ሠንጠረዥ ሆነ። ኩባንያዎቹ ተከተሉት። እኔ የምለው እኮ ይሄንኑ ነው፣ የጋራ በሆነው ነገር ላይ እንሥራ።

አሁን የኔን ልንገርህ። መኪና ግርግርን ታውቃለህ፣ የስፌት መኪናው ጫጫታ ነው ስሙን ያወጣለት። እዛ ያሉ ሰፊዎች የደንበኛ ልኬት የሚይዙት በደብተር ነው፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት፣ ጎኑ ላይ ቁራጭ ጨርቅ በስፒል ተሰክቶ። ደብተሩ ዘይት ይነካዋል፣ ገጹ ይላቀቃል፣ ለሹዋሊድ በዓል ሰው ሲጎርፍ ስም ከስም ይምታታል። አፕ ሠራሁላቸው፣ በመደብር በኩል አወጣሁት፣ ሠላሳ ምናምን ሰፊ ያዘው። አንድ ቀን ጠዋት ኢሜይል መጣ፣ ስሙን የማልጠራው መደብር አካውንትህ ቀደም ሲል ከተዘጋ ሌላ አካውንት ጋር ግንኙነት ስላለው ተዘግቷል ይላል። የትኛው ሌላ አካውንት? አይልም። ይግባኝ ጻፍኩ፣ መልስ መጣ። እንደገና ጻፍኩ፣ ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፣ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ሰው አላነበበውም ማለት ነው። ሰፊዎቹ አፑ ለምን ጠፋ ሲሉኝ የምነግራቸው አልነበረኝም፣ ከመንገዱ በታች በኩል ዞሬ ወደ ቤት የምገባባቸው ቀናት ነበሩ።

ከዛ በዌብ ሠራሁት። ሊንኩን አንዴ ይከፍቱታል፣ ሆም ስክሪን ላይ ያስቀምጡታል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ፈቃድ የምለምነው የለም። ዌብ የማንም አይደለም።

የከዚራው፦

"ዌብ የማንም አይደለም" አልክ? እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ።

ያንን ሊንክ የሚከፍተው ምንድነው? ብሮውዘር። ብሮውዘሩ የማነው? አንድሮይድ ላይ ክሮም ነው፣ የጉግል። አይፎን ላይ ደግሞ ክሮም በለው ፋየርፎክስ በለው ስሙ ነው እንጂ ከሥር ያለው ሞተር የአፕል ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በ2024 በሕግ ተገደው በር ከፈቱ እንጂ እኛ ጋ ያው ነው። በዛው ዓመት የካቲት ላይ አፕል በአውሮፓ ሆም ስክሪን ላይ የሚቀመጡ የዌብ አፖችን ላስቀር ነው ብሎ ሰው ሲጮህ ነው የተመለሰው። ባይመለስስ? በ2020 ደግሞ የአፕሉ ብሮውዘር ሳፋሪ ሰውየው ለሰባት ቀን ያልተጠቀመበትን ሳይት ዳታ ያጠፋል ተብሎ ተወሰነ፣ ሆም ስክሪን ላይ ያስቀመጠ ብቻ ነው የተረፈው። የማንም ያልሆነ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ ማን ይወስናል?

ደግሞ ልጠይቅህ። ስልኩ ሲሞላ ብሮውዘር ቦታ ለማግኘት የሳይቶችን ዳታ እንደሚሰርዝ ታውቃለህ። እነዛ ስልኮች ደግሞ ሁሌም ሙሉ ናቸው፣ የቴሌግራም ቪዲዮ ብቻ ግማሹን ይዞታል። ለዒድ ሰሞን የአንዱ ሰፊ ልኬት ሙሉ በሙሉ ጠፋ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ውሸት?

አካውንትህን በተመለከተ አዝናለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ያለምክንያት አይዘጉም፣ ደንቡን ቁጭ ብለህ አንብበኸው ቢሆን እዚህ ላይ አትደርስም ነበር።

የጁገሉ፦

እሺ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ልበልዎ፣ ዶርም ውስጥ አንድ ዳቦ የተካፈለኝ ልጅ እንዲህ አይለኝምና።

ያለምክንያት አይዘጉም ብለዋል። እንግዲያው ምክንያቱን ይንገሩኝ። አይችሉም፣ እነሱም አልቻሉም። ደንቡን አንብቤዋለሁ፣ ያልገባኝን እንግሊዝኛ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። እኔ ያጠፋሁት ካለ ይነገረኝና ጭንቅላቴን ደፍቼ ልቀጣ። ሳይነገረኝ የተቀጣሁበትን ነገር ጓደኛዬ ከከሳሹ ጋር ቆሞ ጥፋተኛ ሲያደርገኝ ግን ይከብዳል።

ጉዳዩ የኔ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ፌስቡክ በፈረንጆቹ 2013 ለአፖች ሰርቨር የሚያቀርበውን ፓርስን ገዛ፣ ስንት ደቨሎፐር ሰርቨሩን አምኖ አፑን እሱ ላይ አቆመ፣ በ2016 ጥር እንዘጋዋለን አሉ፣ በ2017 ተዘጋ። እነዛ ደቨሎፐሮች የትኛውን ደንብ ነው የጣሱት? የሁዋዌ ስልክ የሚወዱ ሰዎች በ2019 አሜሪካ ኩባንያውን ስትከለክል አዳዲሶቹ ስልኮች ያለ ፕሌይ ስቶር ሲመጡ ምን አጥፍተው ነው? በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ የኮድ ማስቀመጫው ጊትሀብ ኢራንና ሶርያና ክራይሚያ ያሉ ደቨሎፐሮችን በግል ያስቀመጡትን የገዛ ኮዳቸውን ዘጋባቸው፣ ያ ልጅ ያጠፋው የት እንደሚኖር ነው? አሁን ደግሞ ጉግል ነሐሴ 2025 ላይ ምን አለ፣ ከመደብሩ ውጪ እንኳ በኤፒኬ፣ ማለትም በመጫኛ ፋይሉ በቀጥታ የሚጫን አፕ ሠሪው ማንነቱን ካላስመዘገበ ጉግል ያጸደቀው (ሰርተፋይድ) አንድሮይድ ላይ አይጫንም፣ በ2026 መስከረም በብራዚል በኢንዶኔዥያ በሲንጋፖርና በታይላንድ ተጀምሮ ከ2027 ወዲህ ለሁሉም። የተዘጋ አካውንት ያለው እንደኔ ያለ ሰው ያኔ የት ይሄዳል?

እርስዎ ድሬ ነው ያሉት። ድሬ በአንድ ኩባንያ ሐዲድ ላይ የቆመች ከተማ ናት። ሐዲዱ ሲቆም ምን እንደሆነ የባቡር ሠራተኛ ልጆችን ይጠይቁ።

የከዚራው፦

የባቡር ሠራተኛ ልጆችን ጠይቅ ስትል የምትናገረው ከኔ ጋር መሆኑን ታውቃለህ። አያቴ ጋራዡ ውስጥ ነው ያረጀው፣ ፈረንሳይኛ ቁጥር እስከሚሞት ድረስ ይቆጥር ነበር። እሱን ለነጥብ ባታነሳው ጥሩ ነበር።

ግን ካነሳኸው እኔም ልጨርሰው። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ወደናንተ ተራራ መውጣት አቅቶት እዚህ ስለቆመ ነው ይቺ ከተማ የተወለደችው። አሮጌው ሐዲድ ቆመ፣ አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ተጎድተናል፣ ቤተሰቤ ተጎድቷል። ግን ኩባንያው አንድ ቀን ይሄዳል ብለን አንቀበለውም ብንል ኖሮ እዚህ የሚጎዳ ሰውም አይኖርም ነበር፣ አሸዋ ነው የሚቀረው። ሳፋሪኮም እንኳ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የከፈተው እኛ ጋ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም። ሰው ተሰልፎ ሲም ገዛ፣ የድሮውን ግን አልጣለም፣ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። እኔም እንደዛ ነኝ።

ፓርስን ጠቀስክ፣ ዓመት ሙሉ ጊዜ መስጠታቸውንና ኮዱን በነፃ መልቀቃቸውን ለምን ተውከው? የጉግሉ ምዝገባ ላይም ካስታወቁ በኋላ ለሚያውቅ ተጠቃሚ መጫኛ መንገድ እንተዋለን ብለዋል፣ ይብቃ አይብቃ ወደፊት የምናየው ነው፣ እኔም ደስ አላለኝም።

የጠየቅኩህን ግን አልመለስክም። ልኬቱ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም? ብሮውዘሩን "ይሄን ዳታ እንዳትሰርዝብኝ" ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር ኮድ አለ። ጽፈኸው ነበር? ስለ ኢራን ልጆች አንድ ገጽ ጻፍክ፣ እጅህ ላይ ስለነበረው ሰፊ አንድ ቃል የለም።

የጁገሉ፦

ጠፍቷል።

ለዒድ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ስልኩ ሞልቶ ነበር፣ ልጁ ጨዋታ ጭኖበታል፣ ሰውየው ጠዋት ሲከፍተው ባዶ ገጽ፣ "አዲስ ደንበኛ ጨምር" የምትለው ቁልፍ ብቻ። ደወለልኝ፣ አልጮኸም፣ "ልጄ ወረቀቱ ጠፋኮ" ነው ያለኝ፣ ወረቀት ነው የሚለው እስካሁን። ያቺን መስመር አልጻፍኳትም ነበር። ብጽፋትም ብሮውዘሩ እምቢ ማለት ይችላል፣ ግን አልጻፍኳትም። ሄጄ ሱቁ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፣ ደንበኞቹን እየደወልን እያስመጣን እንደገና ለካናቸው፣ እኔ ሜትሩን ይዤ እሱ እየጠራ። መምጣት ያልቻሉትን የድሮ ልብሳቸውን አስልከን በሱ ለካን። አንዷ እናት የሞተ ልጇን ልኬት ነበር የምትፈልገው፣ ለታናሹ በሱ ልክ እንዲሰፋላት፣ እሱን ማግኘት አልቻልንም።

ይሄን ያልጻፍኩት ላሸንፍ ስለፈለግኩ አይደለም፣ አፍሬ ነው። ግን ልዩነቱን ልብ ይበሉልኝ። ሰውየው የደወለው ለኔ ነው፣ እኔም አነሳሁ፣ ሄድኩ። እኔ ስዘጋ የምደውልለት አልነበረኝም። የምከራከረው መጀመሪያም ስለዚህ ነበር መሰለኝ፣ ስለ ዌብና ስለ አፕ አልነበረም።

የከዚራው፦

"ያለምክንያት አይዘጉም" ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ። ምክንያቱን ሳላውቅ ነው የተናገርኩት፣ ይቅር በለኝ። መደብሩን በተመለከተ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፣ ነገም አፔን እዛው ነው የማወጣው። አሁን ልኬቱ የት ነው የሚቀመጠው? ባክአፑን ቴሌግራም ላይ አድርገኸው ከሆነ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ተዘግቶ እንደነበር አትርሳ።

የጁገሉ፦

ቴሌግራም ላይ አይደለም። ማታ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ፋይሉ ወርዶ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ይቀመጣል፣ ተራ ጽሑፍ ነው፣ የትም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ አንተም አፕህ እንዲያነበው ማድረግ ትችላለህ፣ ከፈለግክ እልክልሃለሁ። ያቺንም መስመር ጽፌያታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ እየሠራ ነው ወይ ስለው ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከክሩ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው አየሁት፣ ደብተሩም እዛው ነበር፣ እየጻፈበት ነው።