ጎድጓዳው ወይስ ጉልበቱ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ የጭን አጥንት ራስ የሚገጥምበት የዳሌ ጎድጓዳ ሲሰበር፣ የስብራቱን ዓይነት የሚወስነው የጎድጓዳው ቅርጽ ነው።

የራጅ ሐኪሙ፦
መኪና ሲጋጭ ጉልበት ዳሽቦርዱን ይመታል፤ ምቱ በጭን አጥንት አልፎ የአጥንቱን ራስ ከጎድጓዳው የኋላ ግድግዳ ጋር ያላትማል። የጎድጓዳው አፍ በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት ይዞራል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን ከኋላ ያለው ሽፋን ያንሳል። ራጅ ላይ የጎድጓዳው የፊትና የኋላ ጠርዞች መስመር ከተጣረሰ (አንዱ ሌላውን ካቋረጠ) ምልክቱ ይኸው ነው፤ ይህን ያየ ሰው ስብራቱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ቀዶ ሐኪሙ፦
«አስቀድሞ ያውቀዋል»? ጠንቋይ ነው እንዴ? ፈረንሳውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ጁዴና ሌቱርኔል በ1964 እ.ኤ.አ. ስብራቱን በ10 የከፈሉት 10 ዓይነት ጎድጓዳ አግኝተው አይደለም። ዳሌ 90 ዲግሪ ታጥፎ ጭኑ ወደ ውስጥ ከተሰበሰበ የአጥንቱ ራስ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ሳይሰብር ይወልቃል፤ ጭኑ ከፈት ካለ ግድግዳው ይሰበራል። አዛውንት በጎናቸው ሲወድቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የፊተኛው ዓምድ፣ ማለትም ጎድጓዳውን ከፊት የሚደግፈው አጥንት ነው። መጣረሱማ! ዳሌው ወደ ፊት ካዘነበለ ደኅና ጎድጓዳም ይጣረሳል። የጭራ አጥንቱ መጋጠሚያ ከብሽሽት አጥንቶች መጋጠሚያ በላይ በወንድ 3፣ በሴት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ካልታየ በዚያ ራጅ ስለ አፉ አዙሪት መፍረድ አይቻልም። ዳሌው ተሰብሮ የሚያቃስት ሰው እንዲህ ተስተካክሎ ይተኛል?

የራጅ ሐኪሙ፦
ከተናገርኩት ሁሉ አንዲት ቃል መዘው ጠንቋይ አሉኝ፤ ይሁን። ሲቲ ስካን ያለው ለዚህ ነው። የምለካው ደኅናውን ወገን ነው፤ በአጥንቱ ራስ መሀል በሚያልፈው የምስል ቁራጭ ላይ የፊቱንና የኋላውን ጠርዝ አገናኝቼ። ጠንቋይ ማዕዘን አይለካም። አዛውንቶቹን ለምን እንዳመጧቸው ግን አልገባኝም፤ እኔ የተናገርኩት ስለ ኋላ ግድግዳ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ፦
ለክተው ሲያበቁ እኔ ምን ላድርግበት? የምጠይቀው ግድግዳው ስንት እጁ ተገመሰ ብዬ ነው። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ መገጣጠሚያው በአብዛኛው ይጸናል፤ ከ50 በላይ ከሆነ አይጸናም። በመካከል ያለውን በሰመመን አስተኝቼ፣ ጭኑን አጥፌ፣ በሲ አርም (በቀዶ ክፍል የራጅ መሣሪያ) እያየሁ ወደ ኋላ እገፋለሁ። የአጥንቱ ራስ ከሸሸ ግድግዳውን በሰሌዳና በብሎን አስረዋለሁ። የእርስዎ ዲግሪ የት ላይ ይገባል?

የራጅ ሐኪሙ፦
እዚያው ላይ። የሚመኩበት 20 በመቶ ራሱ ያታልላል፤ ስብራቱ ወደ ጎድጓዳው ጣሪያ ከወጣ ያነሰውም ሊንሸራተት ይችላል። ቅርጽ አይረባም ሲሉኝ ቆይተው አሁን መቶኛ ይቆጥሩልኛል። መቶኛ ከቅርጽ ሌላ ምንድን ነው?

ቀዶ ሐኪሙ፦
የስባሪው ቅርጽና የጎድጓዳው ቅርጽ ተምታቱብዎ። ደኅናውን ወገን ይለኩ፣ አልከለክልም። «ይወስናል» የምትለዋን ግን ያውጡልኝ። በእሷ ቦታ የስባሪውን መጠን፣ ጣሪያው መነካቱን፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የቀረ ፍንካች መኖሩን ይጻፉ።

የራጅ ሐኪሙ፦
እጽፋለሁ። ዲግሪው ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የሚገባው።