እርማት፦ ሰማዩ ጥርት ስላለ አሸዋው ላይ አይታደርም

ወንድሜ፣ የካምፒንግ ዕቅድህን ወድጄዋለሁ። ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በሦስት ጉልቻ ማብሰል። የድሬ ሙቀት ለሰለቸው ሰው ሌላ ምን ያስፈልጋል? አንድ ነገር ግን ላርም። «ሰማዩ ጥርት ካለ ድንኳኑን ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ እንትከል፤ ለጥ ያለ ነው፣ ለጀርባም ይመቻል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ስህተት ነው አቦ።

ወንዙን የሚሞላው አንተ ያለህበት ቦታ የሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከበላይዋ ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ሲዘንብ ውሃው ቁልቁል ይምዘገዘጋል። አንተ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አስታውስ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሻገረው አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። በልጅነቴ አሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት እናቴ ለምን እንደምትጮህ የገባኝ ያኔ ነው።

ቦታ ስትመርጥ ዛፎቹን እያቸው። ቅርንጫፍ ላይ ጭራሮና ፌስታል ተጠላልፎ ካየህ ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውጣ። መኪናውንም ጭምር። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከሰማህ ዕቃ አትሰብስብ፤ ዳገት ውጣ።

አጎበርም አትርሳ፤ የድሬ ቢንቢ ድንኳን አይፈራም።