አረቄ እያለ ሳሙና ምን ሊሠራ

እኔ የምለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምን አስጨንቆት ነው ምግብ ውስጡ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል እያለ የሚደክመው? አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ መጥቶ ቁርጥ ቤት ቢቀመጥ እኮ ያርፍ ነበር። እሳትማ ለጥብስ ነው፣ ለጀርም አረቄ አለን።

ደግሞ ሰዋችን ጥንቃቄ አያውቅም የሚል ካለ ይምጣና ይይ። ቆራጩ ፊት ይቆምና "ዛሬ የታረደ ነው? በሬ ነው ላም? ከሻኛው ጨምርበት" እያለ መርማሪ ፖሊስ ይሆናል፣ ቆራጩም ብር በተቀበለበት እጁ ጮማውን ገልበጥ አድርጎ ያሳየዋል፣ ቢላዋውን ትከሻው ላይ ባለችው ጨርቅ ጠረግ ያደርጋል (ጨርቋ ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል)፣ ደንበኛችንም ረክቶ ይቀመጣል። ውሃ ግን የታሸገ ካልሆነ አይጠጣም፣ ሲከፈት ክዳኑ ቀጭ ካላለ ይመልሳል። ንፅህና ላይ ቀልድ የለማ!

እጅ መታጠቢያው ጋ ቧንቧው ደርቋል፣ ባልዲና ጣሳ አለ፣ ሳሙናው ሃይላንድ ውስጥ በውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ሽታው ብቻ ቀርቷል። የጣቶቹን ጫፍ ረጠብ ያደርግና ሱሪው ላይ ያደርቃል፣ ስልኩን አንስቶ ቲክቶክ ያያል፣ ከዛ በዛው እጅ ጠቅልሎ ጓደኛውን ያጎርሰዋል። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም፣ ነውር ነው።

ኧረ ወንድሜ፣ የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሚጥሚጣው ላይ ላዩን ነው፣ አረቄውም ሆድ ገብቶ ከምግቡ ጋር ሲደባለቅ ይቀጥናል፣ እንኳን እሱን ሊገድል ብትለው "አባቶቻችን ምን ሆኑ?" ይልሃል። ምን ሆኑ? ኮሶ ይጠጡ ነበራ! ዛፉንና በሽታውን ለምን መሰለህ በአንድ ስም የጠሯቸው፣ ለጌጥ ነው? ትሉ እኮ አድጎ እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል፣ በአንድ መለኪያ አረቄ ነው ልናሰክረው ያሰብነው። ሥጋውን ከማይነስ 10 በታች ለ10 ቀን ማቆየት እጩን ይገድላል ይላሉ የሚያውቁት፣ መቼም በኛ መብራት 10 ቀን ሳይቋረጥ የሚያድር ፍሪጅ ያለው ሰው ቁርጥ ቤት ምን ይሠራል።

ሰኞ ጠዋት ጀግናችን ሆዱን ይዞ ቢሮ ይገባል። ሰገራ ተመርመር ብትለው ጊዜ የለውም፣ ፋርማሲ ጎራ ብሎ "ያቺን የሆድ መድኃኒት" ይላል። ሥጋውንማ ማን ይጠረጥራል፣ ትኩስ ነበር፣ በሬ ነበር፣ አረቄውም ደብል ነበር።

"አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ፣" ይልሃል ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "አይኑ ገና ስንገባ አላማረኝም።"