ስታርፉ ዕረፉ፣ ስትሠሩ ሥሩ

ወገኖቼ፣ ስናርፍ ራሳችንን አይተን እናውቃለን? ሰውነታችን ሶፋ ላይ ነው፤ ልባችን ያልጨረስነው ሥራ ላይ። ሥራ ላይ ስንቀመጥ ደግሞ እጃችን ስልኩን ይፈልጋል። ቀኑ እንዲህ ያልቃል። ሥራው አልተሠራ፣ እኛም አላረፍን። ማታ ደክሞን እንተኛለን፤ ምን እንዳደከመን ብንጠየቅ ግን መልስ የለንም።

ዛሬ የምቆጣው በዚህ ነው። "ጠንክሩ፣ ታገሡ፣ ራሳችሁን ግዙ" የሚለውን ምክር ጠግበናል። ልክ ነው፤ ያማረውን ሁሉ የሚያሳድድ ሰው ያሰበበት አይደርስም። መደሰትም ልምምድ እንደሚፈልግ ግን የነገረን ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ካታሪና ቤርኔከር እና ዳንኤላ ቤከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ የሚመለከት ጥናት አሳትመዋል። ሰው እየተዝናና ሳለ "ይሄኔ እኮ ሥራዬን መሥራት ነበረብኝ" የሚል ሐሳብ ምን ያህል እንደሚረብሸው ጠየቁ። ብዙም የማይረብሻቸው ሰዎች በኑሯቸው ይበልጥ ደስተኞች፣ ለድብርትና ለጭንቀትም እምብዛም ያልተጋለጡ ሆነው ተገኙ። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መቁረጥ ይከብዳል። ለእኔ ግን አንድ ነገር ይበቃኛል፤ ደስታውን እየቀመስን በጸጸት ስናበላሸው ጊዜውም ይሄዳል፣ ደስታውም ይቀራል።

"ሕይወት አጭር ናት" የምትሉ ደግሞ፣ እናንተንም አልምርም። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስትነካኩ ያደራችሁት ደስ ብሏችሁ ነው? በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የአንጎል ተመራማሪ ኬንት ቤሪጅ ለዓመታት ያሳየው ነገር አለ። አንጎላችን ውስጥ መፈለግና መውደድ የተለያዩ ናቸው። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በዋናነት የሚቀሰቅሰው ፍላጎቱን ነው። ስለዚህ ብዙም የማያስደስተንን ነገር አጥብቀን ልንፈልግ እንችላለን። እጃችሁ ወደ ስልኩ ሲሄድ "አሁን ደስ እያለኝ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ብታቆሙት ምንም አይቀርባችሁም።

ራስን መግዛትስ? ጥርስ መንከስ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሕፃናት ላይ ያደረገው ሙከራ ታዋቂ ነው። ሕፃኑ ፊት ጣፋጭ ይቀመጣል፤ ከታገሠ የተሻለ ይሰጠዋል። ስለ ሙከራው ሲወራ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በደንብ የታገሡት ጣፋጩ ላይ አፍጥጠው የታገሉት አልነበሩም። ፊታቸውን አዞሩ፣ ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ለራሳቸው ዘፈኑ። ጣፋጩ ከዓይናቸው ሲሰወር ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁ። እኛም ከስልኩ ጋር ከመታገል ሌላ ክፍል እናስቀምጠው። የምንቆጥበውም ገንዘብ እጃችን ሳይገባ ወደ ቁጠባው ይሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ዓይነት ሙከራ በብዙ ሕፃናት ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ወጥቶ ነበር። የቤተሰብ ኑሮና አስተዳደግ ከግምት ሲገባ፣ የልጅነቱ ትዕግሥት በኋላ በትምህርት ከሚያመጡት ውጤት ጋር ያለው ዝምድና በእጅጉ ቀነሰ። እና የተቸገረውን ሁሉ "ራሱን መግዛት አቅቶት ነው" እያላችሁ የምትሰድቡ፣ እባካችሁ ተዉ። ቃል የተገባለት ነገር ሲቀርበት የኖረ ሰው የዛሬውን ቢይዝ አይፈረድበትም።

"ግቤ ይሳካ እንጂ ከዚያ በኋላ እደሰታለሁ" የምትሉ፣ በእናንተ ከሁሉም ይልቅ አዝናለሁ። አንዱ ሲሳካ ሌላው ይመጣል። ያገኘነውን ቶሎ እንለምደዋለን። እስከዚያ ልጆቻችሁ ያድጋሉ፣ ወላጆቻችሁ ያረጃሉ። ግባችሁን ጣሉ አላልኩም። የዕረፍቱን ሰዓት እንደ ሥራው ሰዓት ቀድማችሁ ወስኑ። ሲደርስ ያለ ጥፋተኝነት ፈታ በሉ፤ ሲያልቅ ተነሡ።

አለቆችና ወላጆችም ስሙ። በሰዓቱ ያረፈን ሰው "ሥራ ፈት" አትበሉት። ለነገ ሊቆይ ለሚችል ጉዳይ በማታ አትደውሉለት። ልጁ እየተጫወተ ሳለ ስለ ፈተናው አታንሱበት፤ ጨዋታውን ይጨርስ።