የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፤ የአንበጣውንስ መንጋ?

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር በጓሳ ሣር ተሸፍኖ ይገኛል። ስፍራውም ስሙን የወሰደው ከሣሩ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነውም ገመዱን የሚገምደውም በዚሁ ሣር ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም መኖሪያቸው አድርገውታል። ክረምት በገባ ጊዜ ከዚያ ጫፍ የሚወርደው ውኃ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ወደ ምሥራቅ የወረደው ደግሞ ገደሉን ተከትሎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ሣር ላይ የሚወስነው ማን ነው? የሚያጭደውና የሚጠብቀው ማኅበረሰብ፣ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ክልሉ፣ የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት፣ ኢትዮጵያ የፈረመችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት፣ ሁሉም በየፊናቸው ጥያቄ አላቸው፤ የሁሉም ጥያቄ ደግሞ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሰሜን ሸዋ የቀበሌ ስብሰባዎች ላይ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አጭር መልስ ነው፤ «ከላይ የመጣ ነው» ይባላል። ማሳው ላይ ስለሚሠራው እርከን የጠየቀ ገበሬ ይህንኑ ይሰማል፣ ስለ ማዳበሪያ የጠየቀም ይህንኑ ይሰማል። መልሱን የሚሰጠው የቀበሌ ሹም ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እርሱም ከወረዳው የሰማው ይህንኑ ነው፣ ወረዳውም ከዞኑ።

ጓሳን ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከልለው የተካፈሉት የአስቦና የጌራ ተወላጆች እንደሆኑ የአካባቢው ታሪክ ይናገራል። ቀሮ በተባለው ሥርዓታቸው መሠረት አለቆቻቸውን ይመርጡ፣ በየደብሩ ተከፋፍለው በተራ ይጠብቁ፣ ሣሩ እስኪያገግም ድረስም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ደርሷል ሲባል የሚከፈትበት ቀን ይነገራል፤ ከዚያ በፊት ያጨደ ወይም ከብት ያሰማራ ይቀጣል። ይህ ሁሉ የተሠራው ከማንም ቢሮ መመሪያ ሳይጠበቅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ግን የርስቱ ሥርዓት ፈረሰ፣ ከርስቱ ጋር የተጣበቀው ጥበቃም አብሮት ፈረሰ፤ ሣሩ ከልክ በላይ ታጨደ፣ ግጦሹም ተጎዳ። አዋጁ ፍትሕን ይዞ የመጣ አዋጅ እንደነበር አምናለሁ፤ ምርቱን ለባለ ርስት ሲገብር ለኖረው ጭሰኛ የተከፈለውን መሥዋዕትነት የሚያንኳስስ ቃል ከእኔ አይወጣም። ነገር ግን አንዱን በሽታ ለማዳን የታዘዘው መድኃኒት በሽታው በሌለበትም ቦታ በእኩል መጠን ተሰጠ፤ በመንዝ ደጋ ላይ ሣር የሚጠብቀው ማኅበር ከጭሰኛ በዝባዡ ጋር አብሮ ተቆጠረ። የኋላ ኋላ ኅብረተሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን አቆመ፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀለት።

የአካባቢ ሥልጣን ሲወደስ የሚዘለል አንድ ጉዳይ አለና አልዘለውም። የቀሮ ሥርዓት የሁሉም ሰው ሥርዓት አልነበረም። መብቱ በትውልድ ሐረግ የተገኘ ስለነበር፣ ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ ጎረቤት ሣሩን በዓይኑ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም፤ ውሳኔውም የወንዶች ውሳኔ ነበር። እነዚያን የተገለሉ ሰዎች ወደ ውስጥ ያስገባው ከላይ የመጣ ሕግ ነው። ስለዚህ «ሥልጣኑን ሁሉ ለአካባቢው ስጡ» የሚለውን ፈጣን አባባል እኔ አልቀበለውም። ማን ድርሻ አለው፣ ማን ሊገለል አይችልም የሚለው የመብት ጥያቄ የአገር ጥያቄ ነው፤ ሣሩ ዘንድሮ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ የሚመለስ አይደለም።

ሕገ መንግሥታችን ይህንን ልዩነት የሚያውቅ ይመስላል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ በዚያ ሕግ መሠረት የማስተዳደሩ ሥልጣን ለክልል ተሰጥቷል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሥራ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ለወረዳዎች በጥቅል በጀት እየሰጠ ሥልጣን ወደ ታች ለማውረድ የታሰበ ነበር፤ አሳቡም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከወረዳ በጀት አብዛኛው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለግብርና ባለሙያው ደመወዝ ሲውል፣ ምክር ቤቱ ሊወስንበት የሚችለው ገንዘብ እጅግ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ዞኑ ደግሞ ራሱን የቻለ የሕዝብ ምክር ቤት የለውም፤ ሰሜን ሸዋ የሚተዳደረው በክልሉ በሚሾሙ ኃላፊዎች ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የምርጫው ጉዳይ ነው። አገር አቀፍ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ። በ2005ቱ ምርጫ ጊዜ ስድስት ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ የሚያበቃውን ዕድሜ ደርሷል። ሕዝቡ ሳይመርጠው ዓመታት የተቆጠሩበት ምክር ቤት ፊቱን ወደ ሾመው አካል ቢያዞር ሊገርመን አይገባም፤ «ከላይ የመጣ ነው» የሚለውም መልስ የሚወለደው ከዚሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉን ያመሰው ግጭትም በብዙ ቦታ የወረዳና የቀበሌ ሥራን አስተጓጉሏል። ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ መመለስ ያለበት የትኛው ተቋም እንደሆነ ከአሁኑ መነጋገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ እኔ ቅድሚያውን ለተመረጠ የወረዳ ምክር ቤት እሰጣለሁ።

እርከኑን ላንሣ። ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ ውኃ የሚይዝ እርከን የገበሬ እስትንፋስ ነው፤ ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ውኃ በሚቋጥርበት ደጋ ግን ይኸው እርከን ማሳውን ረግረግ አድርጎ ገብሱን ያበሰብሰዋል። ለዚያ ዓይነቱ ማሳ የሚያስፈልገው ውኃውን በቀስታ የሚያሻግር ቦይ ነው። ይህንን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከደብረ ሲና ብዙ ሳይርቅ፣ በአንዲት ጥድ፣ የአፈር መሸርሸርን የሚለካ የምርምር ጣቢያ በ1970ዎቹ ተቋቁሞ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ ገበሬውም ከጣቢያው በፊት ያውቀው ነበር። በየዓመቱ በበጋ የሚወርደው የተፋሰስ ሥራ ዕቅድ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ሲመጣ ግን፣ ዕውቀቱ ያለው ሰው የሚጠየቀው ስንት ሜትር እንደቆፈረ ብቻ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩ ያህል ይሰማኛል።

ሆኖም በሬው የማይችለው ነገርም አለ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ የሰሜን ሸዋን ቆላማ ወረዳዎች ሲወርር፣ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸና ጣሳ እየደበደበ ማሽላውንና ጤፉን ለማዳን ሲሯሯጥ ዋለ። መንጋው የተፈለፈለው ከእርሱ ቀበሌ እጅግ ርቆ፣ ምናልባትም ከአገር ውጭ ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚበርም ዛሬ ያባረረው ሰው ነገ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል። ለዚህ ነው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ገና እ.ኤ.አ. በ1962 የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት። አውሮፕላኑ፣ የትንበያ መረጃውና የድንበር ተሻጋሪው ስምምነት የግድ ከአገርም በላይ በሆነ ደረጃ መያዝ አለባቸው፤ እንቁላሉ የትኛው አሸዋ ውስጥ እንዳለ፣ መንጋው ማታ የት እንዳረፈ የሚናገረው ደግሞ እረኛው ነው። ሥልጣን መጋራት ስል ይህንን ማለቴ ነው። ውኃውም እንዲሁ ነው። የመንዝና የተጉለት ገበሬ ቁልቁለቱን ራቁቱን ቢያስቀረው፣ ጎርፉ ምሥራቅ ወርዶ አፋር ላይ፣ ደለሉ ምዕራብ ወርዶ የዓባይ ግድብ ላይ ይደርሳል፤ አፋሩ በመንዝ የወረዳ ምክር ቤት ወንበር ስለሌለው የእርሱን ጉዳይ የሚይዝለት ከወረዳም ከክልልም ከፍ ያለ አካል ያስፈልገዋል።

ይህን ከተቀበልን ዘንድ ከፍ ያሉት ውሳኔዎች እንዴት እንደሚወሰኑ መጠየቅ ይገባናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ የሚያጸድቀውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ መንገድ ጸድቋል፤ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትም ከብዙ ዓመታት መጠበቅ በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘጠና በመቶ በሚሆነው የዕቃ ዓይነት ላይ ቀረጥ ቀስ በቀስ እንዲነሣ የሚያደርግ ሲሆን፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ልብስና ለአካባቢው የቢራ ገብስ አምራች ምን እንደሚያመጣ የአካባቢው ምክር ቤቶች በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሥርዓት አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ሲዋዋሉ ገበሬውን የጠየቀ አልነበረም፤ ዘመኑ የነገሥታት ዘመን ነውና አይፈረድባቸውም። ዛሬ ግን ሥልጣን የሕዝብ ነው ብለን ጽፈናል።

ተቃራኒውም ችግር አለ፤ ከላይ ቃል ተገብቶ ታች አለመድረሱ። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ማፑቶ ላይ ከበጀታቸው አሥር በመቶውን ለግብርና ለመመደብ ተስማምተዋል። ይህን ቃል ይዞ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቱን በጀት የሚጠይቅ የሰሜን ሸዋ ገበሬ አላየሁም፤ ቃሉ እንዳለ የነገረው ስለሌለ ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ማላቦ ላይ ያልተማከለ አስተዳደርንና የአካባቢ ልማትን የሚመለከት ቻርተር አጽድቋል፤ ኅብረቱ ግን ዋና ጽሕፈት ቤቱ እኛው ዋና ከተማ ውስጥ ሆኖም ለቻርተሩ ባለቤት ለሆነው የወረዳ ምክር ቤት እጅግ ሩቅ ነው።

አውሮፓውያን ለዚህ ያበጁት አንድ መሣሪያ ትኩረቴን ይስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በማስትሪክት የፈረሙት ውል፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮቹ በሚገባ ሊሠሩት በሚችሉት ነገር ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለክል መርሕ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የሊዝበን ውል ደግሞ ክልሎችንና አካባቢዎችን ጨመረበት፣ ለመርሑም ጥርስ አወጣለት። አንድ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ የአገሮቹ ፓርላማዎች ስምንት ሳምንት ይሰጣቸዋል፤ ከጠቅላላው ድምፅ ሲሶው ከተቃወመ ረቂቁ እንደገና መታየት ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሥራ ማቆም መብት ላይ የቀረበ ረቂቅ ይህን ያህል ተቃውሞ ገጥሞት ኋላ በአቅራቢው ተስቧል። የአፍሪካ ኅብረት እንደ አውሮፓው ኅብረት በአባላቱ ላይ ሕግ የሚያወጣ አካል ስላልሆነ ነገሩን እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ አሠራሩን ግን በአገር ውስጥ ልንጠቀምበት እንችላለን።

የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። መሬትን፣ ውኃን፣ እርሻንና የጥበቃ ስፍራን የሚነካ ማንኛውም ዓለም አቀፍ ስምምነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ ተተርጉሞ ለክልል ምክር ቤቶች፣ በእነርሱም በኩል ለሚመለከታቸው ወረዳዎች ይላክ፤ ስምንት ሳምንት ይሰጣቸው። የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ወረዳዎች በምክንያት ከተቃወሙ አስፈጻሚው አካል በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ ማጽደቅ አይቻል። ስምምነቱን የመሻር ሥልጣን ለወረዳ ይሰጥ አላልኩም፤ አንድ ወረዳ አገርን ማገት የለበትም። ነገር ግን መልስ የማግኘት መብት ትንሽ ነገር አይደለም፤ መልስ ለመስጠት የሚገደድ ባለ ሥልጣን አስቀድሞ ማሰብ ይገደዳል።

ጓሳ ይህን አሠራር ለመሞከር የተመቸ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች እስከ 2030 ከየብስ ሠላሳ በመቶው ተጠብቆ እንዲገኝ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ ድርሻዋን ስትቆጥር ጓሳ ከቁጥሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ሲገባም የሚጠብቁት ሰዎች ሣሩን ከማጨድ መብታቸው ጋር ይቆጠሩ ወይስ ያለ እርሱ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። የመንዝ ወረዳዎች ምክር ቤቶች ይህን ጥያቄ ከጠባቂዎቹ ጋር ተቀምጠው ይመክሩበት፤ የሚስማሙበትን ጽፈው ይላኩ። ስምንት ሳምንት ይበቃቸዋል፤ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው።