የነዳጅ ኩባንያ ዕዳ በእኔ ይሁን

የመሀል አዲስ አበባ ሰው ቸር ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ካዛንቺስ ወይም ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚመክር አውደ ጥናት አይጠፋም። ጠዋት የሻይ ዕረፍት አለ። ቀጥሎ ምሳ። ቀጥሎ ሌላ የሻይ ዕረፍት። በመሀል አንድ ክቡር እንግዳ ማይክ ይይዙና "ለብክለቱ ሁላችንም ተጠያቂ ነን" ይላሉ። አዳራሹ ይስማማል። ሻይ የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር አንገቷን ትደፋለች።

ይህን ትሕትና ሳላደንቅ አላልፍም። ነዳጁን የቆፈረ አለ፣ የሸጠ አለ፣ ትርፉን ባንክ ያስገባ አለ። ትርፉ ሲከፋፈል ማንም አልጠራንም። ጥፋቱ ሲከፋፈል ግን ሳንጠራ ሄደን ከፊት ወንበር ተቀመጥን።

ኩባንያዎቹም ይህን ጠባያችንን ይወዱታል። የእንግሊዙ ነዳጅ ኩባንያ ቢፒ እ.ኤ.አ. በ2004 ተራው ሰው የራሱን "የካርበን አሻራ"፣ ማለትም በኑሮው ወደ አየር የሚለቀውን የበካይ ጋዝ መጠን፣ የሚያሰላበት ማስያ አቀረበ። ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ? ቤትህን በምን ታሞቃለህ? ዘይት ሻጩ የገዢው ኑዛዜ ተቀባይ ሆኖ አረፈው። በ2010 የኩባንያው ጉድጓድ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። ድፍድፍ ዘይቱ ለ87 ቀናት ባሕር ውስጥ ፈሰሰ። እኛ ያኔ አምፖል እያጠፋን አሻራችንን እንቀንስ ነበር።

አሜሪካኖች ግን ይሉኝታ የላቸውም። ከሰሱት። መንግሥታቸውና አምስት ግዛቶች 20.8 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል አስፈረሙት። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? "ተዉ፣ ሁላችንም አጥፍተናል" የሚል አንድ ሽማግሌ እንዴት ይጠፋል? ደግነቱ የግብር ሕጋቸው ርኅራኄ አለው። ከገንዘቡ 5.5 ቢሊዮኑ ቅጣት ነው። ከቀረው አብዛኛውን ኩባንያው እንደ ሥራ ወጪ ከግብሩ ሊያቀናንስ ይችላል።

የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ የኤክሶን ታሪክ ደግሞ ልብ ያሞቃል። በ1989 ዘይት የጫነ መርከቡ አላስካ ላይ ዓለት ገጭቶ ባሕሩን አጠቆረው። በ1994 ዳኞች 5 ቢሊዮን ዶላር መቀጫ ፈረዱበት። ኩባንያው ይግባኝ አለ፣ ደግሞም አለ። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መቀጫውን ወደ 507 ሚሊዮን ገደማ አወረደው። ከአሥር አንድ! አሥራቱን አውጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ።

የናይጄሪያዋ ቦዶ ሰዎችም ትዕግሥት የላቸውም። በ2008 የሼል ቧንቧ ፈንድቶ ዓሣቸውንና ውሃቸውን ሲያበላሽ ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። በ2015 55 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈላቸው። እኛ ብንሆን ቲሸርት አሳትመን ችግኝ እንተክል ነበር።

ሕግ አጥተን እንዳይመስላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የበከለ ሰው ራሱ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ግልጽ ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ገና አዲስ ይመስላል። ብዙ ስላልነካነው ነው። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይቱን ማታ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ቦዩ ወደ ባንተ ይቀጡ ወንዝ ይወስደዋል። ጠዋት ደንብ አስከባሪ ይመጣና ሶፍት የጣለውን እግረኛ ይዞ ያስከፍላል። ሶፍት በዓይን ይታያል፤ ዘይት ግን ከውሃ ጋር ይሄዳል። እግረኛው ደግሞ ጠበቃ የለውም፣ ይግባኝ አይልም፣ ለመያዝም ይመቻል።

ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይም ያው ነው። ሚኒባሱ ጥቁር ጭስ ሲለቅ ሁሉም ረዳቱ ላይ ይወርድበታል።

"አንተ፣ በጭስ ልትፈጀን ነው?"

"እናቴ፣ ናፍታውን እኔ አልሠራሁት!"

"ምላሱ ደግሞ!"

የሰልፉ ሰው በሙሉ ከእናትየው ጋር ተስማማ። ስለ ናፍታው ጌታ አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። ጨዋ ሕዝብ የሌለን ሰው አያማም።

አሁን የሚያሳስበኝ የአሜሪካዋ የኒውዮርክ ግዛት ናት። በ2024 መጨረሻ ላይ ትልልቆቹ የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች በ25 ዓመት 75 ቢሊዮን ዶላር እንዲያዋጡ ሕግ አወጣች። ጎርፍ መከላከያው፣ የፍሳሽ መስመሩ ከዚያ ይሠራል አሉ። ሌላዋ ግዛት ቨርሞንት እንዲህ ያለውን ሕግ ቀድማት አውጥታለች። ይህ ነገር ካልተገታ ወደ ሌላውም ይዛመታል። ስለዚህ ከካዛንቺስ አንድ የተፈተነ ተናጋሪ በአስቸኳይ ይላክላቸው። አበሉ በዶላር ነው፣ ፈቃደኛ አይጠፋም። "ሁላችንም ተጠያቂ ነን" ብሎ ያረጋጋቸዋል። አውሮፕላኑ ደርሶ መልስ የሚያወጣው ጭስም ችግር የለውም። በተናጋሪው አሻራ ይመዝገብለት፤ እሱ ለምዶታል።