ቤርካምፕን በ87 ጎል?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም የቀረበ ተንታኝ የቀድሞውን የአርሰናልና የሆላንድ አጥቂ ዴኒስ ቤርካምፕን «በዩቲዩብ የገነነ ስም» አለው። ማስረጃው? በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 11 የውድድር ዓመት ተጫውቶ 87 ጎል ብቻ ማግባቱ። አዘጋጁ ሳቅ አለና «እውነትም ትንሽ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

እንዲህማ በቀላሉ አይታለፍም!

ከዩቲዩቡ እንጀምር። ዩቲዩብ የተመሠረተው እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ነው። ሰውየው ጫማውን የሰቀለው በ2006። ታዲያ በ1993 በባሎን ዶር፣ በዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ከሮቤርቶ ባጆ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ መራጮቹ የትኛውን ቪዲዮ አይተው ነው? በ1998 የእንግሊዝ ተጫዋቾች የዓመቱ ምርጥ ያሉትስ? እነሱ እኮ ሜዳ ላይ መከራቸውን ያበላቸው ሰዎች ናቸው። ሰው ማይክ ከመያዙ በፊት ቢያንስ ዓመቱን ያያል።

ቁጥር ከተባለ ደግሞ በዚያው ሊግ ለሌሎች አመቻችቶ ያቀበላቸው 94 የጎል ኳሶች የት ገቡ? ኢያን ራይት በ1997 የአርሰናልን የጎል ሪከርድ ሰበረ። ቲዬሪ ሆንሪ በ2005 የራይትን ሰበረ። የሁለቱም አጣማሪ ማን ነበር? አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ለነገሩ 94ም አይገልጸውም። ዲሴምበር 2001፣ የጣሊያኑ ጁቬንቱስ ወደ አርሰናል ሜዳ ሀይበሪ መጥቷል። ቤርካምፕ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ኳስ ይዟል፤ ተከላካዮች ከበውታል። ሌላው አጥቂ ወይ ይመታል ወይ ወደ ኋላ ይመልሳል። እሱ ይዞራል። እንደገና ይዞራል። ኳሷን በጫማው እየዳሰሰ ይጠብቃል። ማንን? የቡድን ጓደኛውን ፍሬዲ ሊዩንበርግን። ሊዩንበርግ ገና መሮጥ አልጀመረም እኮ! ልክ ሲነሳ ኳሷ በተከላካዮቹ መሀል ሾልካ እግሩ ስር ደረሰች። ሊዩንበርግም በበረኛው ቡፎን አናት ላይ ከፍ አደረጋት፤ 3 ለ 1። መዝገቡ ላይ ይህ ሁሉ ለቤርካምፕ ዜሮ ጎል ነው። ያውም ጨዋታው የቻምፒየንስ ሊግ ስለሆነ ከ94ቱ ውስጥ እንኳ አይቆጠርም።

ማርሴይ ላይ በ1998 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ላይ ያገባትም እንዲሁ ናት። 89ኛው ደቂቃ። ፍራንክ ደ ቡር ከሩቅ የላከውን ኳስ አየር ላይ አበረደው፣ በተከላካዩ አያላ እግሮች መሀል አሾለከው፣ በጫማው ውጪኛ ጎን አስቆጠረ። ሦስት ንክኪ፣ ሦስቱም በቀኝ እግር። በተንታኙ ሂሳብ ይህም አንድ ጎል ነው፤ በረኛ በሌለበት በጉልበት ከተገፋች ጎል እኩል።

አውሮፕላን ይፈራ ነበር፣ በዚህም የተነሳ ከሜዳ ውጪ የሚደረጉ የአውሮፓ ጨዋታዎች አምልጠውታል። ይህን አልክድም። የሚገርመው ግን ተንታኙ ያለችውን አንዲት ደህና ነጥብ ትቶ ዩቲዩብ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

አሰልጣኙ ክራይፍ በ17 ዓመቱ ለሆላንዱ አያክስ ዋና ቡድን ያሰለፈውን፣ በ2004 አንድም ሳይሸነፍ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳውን ሰው በዚህ ሚዛን ካወረዳችሁት፣ በሚቀጥለው ፕሮግራም ዚዳንን አቅርቡልን። እሱም በላሊጋ ያለው 37 ጎል ብቻ ነው።